የእንቁ ዕድሜ

የእንቁን ሬሳ ከዘንገና ሐይቅ ያወጡት ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ገበሬዎች ናቸው። ነጠላዋ ገደሉ ላይ ቁጥቋጦ ይዞት ቀርቷል፤ ስልኳ የለም። ኢንስፔክተር የወርቅውሃ ቦታውን አይታ እንጅባራ እስክትመለስ ምክትሏ ገዳይ አግኝቶ ጨርሷል፤ ባጃጅ ነጂውን ቢሻውን።

«እሱ ነዋ ያደረሳት!» አላት።

«ያደረሰ ሁሉ ከገደለማ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ዘብጥያ ይውረድ!»

የወርቅውሃ ስትናደድ አትጮኽም፤ ድምጿ ይወፍራል። ያን ቀን ደግሞ ለመናደድ በቂ ምክንያት ነበራት። ቢሻው ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ የተቆጣው ጎረምሳ ሁሉ ከወዲሁ ባጃጁን አቃጥላለሁ እያለ ይፎክራል።

ቢሻው አንድ ዓይኑ አብጧል።

«ማን መታህ?»

«ያገኘኝ ሁሉ፣ እትዬ። በማርያም፣ አልነካኋትም! በስልክ በባጃጅ መጥሪያው መተግበሪያ ጠራችኝ፣ በአሥር ሰዓት ሐይቁ ዳር አወረድኳት፣ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ በስልክ ስትጨቃጨቅ ነበር። ‹ፎቶዬን ዓይኔ እያየ ካላጠፋኸው ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ› ትለዋለች። የፍቅረኛ ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

የእንቁ አከራይ ፀጋነሽ ግን ፍቅረኛ ሲባል ሳቀች፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረባት።

«ምን ፍቅረኛ አላት! ከስፌቷ ቤት፣ ከቤት ስፌቷ። ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ እኮ ነው።»

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«አዎ፣ በቧንቧ ውሃ! በውሃ የተጣላ ሁሉ ቢጋደል እዚህ ከተማ ሰው ይተርፍ ነበር? ሰሞኑን ግን ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ምነው ስላት ‹ቤቴን ያውቀዋል› አለችኝ። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም።»

ባጃጅ መጥሪያው መተግበሪያ ከተማው ውስጥ አንድ ወኪል አለው፤ መሳፍንት ይባላል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው። የወርቅውሃ ገና ሳትጠይቀው የእንቁን ጉዞ በኮምፒውተሩ አሳያት።

«ይኸው፣ ቢሻው ነው የወሰዳት።»

«ታውቃት ነበር?»

«በፍጹም። መታወቂያና የፊት ፎቶ የምንቀበለው ዕድሜ ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ከውጭ አገር የመጣው ማሽን ያረጋግጣል፣ በደቂቃ ይሰርዛል። እኛ እንኳ አናየውም።» ትከሻውን ሰበቀ። «ደግሞስ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት የት እንደምትሄድ አታውቅም?»

የወርቅውሃ ብዕሯ ቆመ። መልሳ ጻፈች።

«አንተስ ትናንት በአሥር ሰዓት የት ነበርክ?»

«ዳንግላ፣ አዳዲስ ነጂዎች ስመዘግብ።»

በማግስቱ፣ ቢሻው ፍርድ ቤት ሊሄድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ሁሉንም ጣቢያው ግቢ ሰበሰበቻቸው። የእንቁ እናት ደብሪቱ ከገጠር መጥታ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እንቁ ስንት ዓመቷ ነበር?» ብላ ጀመረች የወርቅውሃ።

«ሃያ ሁለት» አለች ፀጋነሽ።

«ሃያ ቢሞላት ነው» አለ ቢሻው።

«መሳፍንት ግን ሃያ ዘጠኝ አለኝ። አንድም ሰው እንዲህ አላላትም። ታዲያ ከየት አመጣው? የቀበሌ መታወቂያዋ የትውልድ ዘመኗን 1996 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር። የውጭ አገሩ ማሽን በፈረንጅ ቆጠረው፣ ሰባት ዓመት ጨመረባት። ሃያ ዘጠኝ የሚባል ዕድሜ ያለው እሱ መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው። በደቂቃ ተሰረዘ ያልከውን መዝገብ ከፍተህ አንብበኸዋል ማለት ነው!»

«አጋጣሚ… ግምት ነው» አለ መሳፍንት።

«ይሁን። ትናንት ፍርድ ቤት አስፈቅደን ማታ አንተ በሌለህበት ኮምፒውተርህን ከፈትን። የአራት መቶ ሴቶች መታወቂያ ከነፊታቸው ከነቤት ቁጥራቸው ተደርድሯል። ለእንቁ የላክኸውም አለ፦ ‹ቤትሽን አውቀዋለሁ፣ እምቢ ብለሽ የት ትደርሻለሽ!› ልትከስህ ስትል ‹ሐይቁ ጋ ነኝ፣ ነይና ዓይንሽ እያየ አጠፋዋለሁ› አልካት። ዳንግላ ነበርኩ ብለሃል። ያ መተግበሪያ ግን የወኪሉንም ስልክ ይከታተላል፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ገደሉ አፋፍ ላይ እንደነበርክ መዝግቦሃል። የእሷን ስልክ መሳቢያህ ውስጥ አገኘነው።»

መሳፍንት የተተኮሰ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣበቀ።

«ልገፋት አልፈለግኩም! ስልኩን ስቀማት…»

«አፈር ብላ!» ብላ ፀጋነሽ ተነሣችበት። «የእኔስ? የእኔም መታወቂያ እዚያ ነው?»

«አዎ፣ አለ» አለች የወርቅውሃ። የራሷም እዚያ ነበር፤ ባለፈው ወር ዝናብ ይዟት ባጃጅ ስትጠራ ራሷ በእጇ ነው የላከችው። ይህን ስታስብ ደሟ ፈላ። የቢሻውን ካቴና ፈትታ መሳፍንትን አሰረችው፤ አጥብቃ ነው ያሰረችው።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ደብሪቱ ቀረች።

«ልጄ፣ ባጃጅ ለመሳፈር ዕድሜ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ልጆች ብቻቸውን እንዳይሳፈሩ ነው፣ እናቴ። ለደኅንነታቸው ነው ይላሉ።»

«ለደኅንነቷ» አለች ደብሪቱ። ነጠላዋን አጣፋች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «በመስቀል ማግስት ነው የወለድኳት። ዕድሜዋን ከፈለጉ እኔን አይጠይቁኝም ነበር?»