በክንዱ ልክ

በአዋንግ ወደብ ዊዲያኒ ያልሰደበችው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እጀታ አልነበረም። አጥማጆቹ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ሱቋ ሲገቡ ፈተና የወደቀ ተማሪ ነበር የሚመስሉት።

«ይሄን ማን ሠራልህ? ጠላትህ?» ትላቸዋለች።

ዘንግ የመሥራቱን ሙያ ማንም አላስተማራትም። የውጭ አገር አጥማጆች ሰብረው የሚጥሉትን ዘንግ እየለቃቀመች፣ ክሩን እየፈታች፣ ሙጫውን በእሳት እያለሰለሰች ራሷ ደረሰችበት። በማዕረግ «ባይቅ» ተብላ የምትጠራ፣ የአገሬው የሳሳክ ሕዝብ መኳንንት ልጅ ጣቷ ላይ ሙጫ ደርቆ መታየቱ ለዘመዶቿ ውርደት ነው። ለእሷ ግን ጌጥ ነበር።

ሙስታሪ የመጣው ዝናቡ እንዳበቃ ነው። ወላጆቹ ከባሕር ማዶ መጥተው ወደቡ ዳር የሰፈሩ ቡጊሶች ናቸው። እሱ የጀልባ ካፒቴን ነው፤ ኩዌ የሚባለውን ጉልበተኛ ዓሣ ለማጥመድ የሚመጡ እንግዶችን ይዞ ይወጣል። ገና እጀታ ያልገባለትን ባዶ ዘንግ ጠረጴዛዋ ላይ አጋደመው።

«ሰው ሲይዝ ማየት ሰለቸኝ፤ ለራሴ ላሠራ ነው። ፖፐሩን፣ የውሸቱን ተንሳፋፊ ዓሣ፣ የምወረውርበት ዘንግ። እጀታውን ረዘም አድርጊልኝ፣ ባይቅ።»

«እንደ ማን ረዘም?»

«እንደ አውስትራሊያዎቹ።»

«እነሱ እኮ ቆመው ከዛፍ ኮኮናት የሚቀጥፉ ናቸው። አንተ አሁን የምታናግረኝ ቆመህ ነው ተቀምጠህ?»

ሌላው ወንድ እዚህ ላይ ይቆጣ ነበር። ሙስታሪ ወደ እግሩ አየና «ቆሜ መሰለኝ» አለ። ዊዲያኒ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

የመጥረጊያ እንጨት አቀበለችው። «ወርውር።»

«እዚህ? ሱቅ ውስጥ?»

«ክንድህ እዚህም ያው ነው።»

ወረወረ። የላይኛው እጁ ሲገፋ የታችኛው ሲስብ አየች። የሚስበው እጅ የት ላይ እንደሚያርፍ በኖራ ምልክት አደረገችበት። ቀጥላ የእንጨቱን ጭራ ብብቱ ሥር አስገባችና የክርኑን አጥንት በአውራ ጣቷ ነካች።

«እስከዚህ። ከክርንህ ትንሽ ቢያልፍ ይበቃል። ካጠረ ለመወርወር ጉልበት አይሰጥህም፤ ክንድህ ብቻውን ይሞታል። ከረዘመ ደግሞ ፖፐሩን ስትጎትት ጎድንህን ይመታሃል፤ ዓሣው ሲነጥቅህም ጭራውን ቀበቶህ ላይ ሳታሳርፍ ጉድ ትሆናለህ።»

መያዣው ቀረ። ወፍራም ከሆነ መዳፍ አይዘጋበትም፣ ቀጭን ከሆነ ጣት ያደነዝዛል። ጠንካራውን ስፖንጅ ዘንጉ ላይ ጠቅልላ «ጨብጥ» አለችው። በጣቶቹና በመዳፉ መካከል የቀረውን ክፍተት ለማወቅ የራሷን ጣት አስገባች። ሁሌም እንደዚያ ነው የምትለካው። ያን ቀን ግን ልኬቱ ከወትሮው ረዘመ። ውጭ አንድ ሰው የጀልባ ሞተር ለማስነሳት ደጋግሞ ይታገላል።

«እና... ልክ ነው?» አለ ሙስታሪ።

«ምኑ?»

«መያዣው።»

«ጣቴን ልቀቅና እነግርሃለሁ።»

ይህም ሆኖ ስለ እጀታው ርዝመት አልሰማትም፤ ረጅም ይሁን አለ። ዊዲያኒም አልተከራከረችም። አንዴ የተቆረጠ አይቀጠልምና ረጅሙን እንዳለ በፕላስተር አሰረችለት። «ባሕሩ ይንገርህ» ብላ፣ ለወጉ አክስቷን አስከትላ በጀልባው አብራው ወጣች።

ከአለቱ ጥግ ነጩ አረፋ ላይ ወረወረ። ፖፐሩ ውኃውን እያንቦጫረቀ ሲመጣ ባሕሩ ድንገት ተከፈተ፤ ኩዌው እንደ ወረደ ናዳ መታው። ሙስታሪ የእጀታውን ጭራ ወደ ወገቡ ለመመለስ ሲታገል ጫፉ ሸሚዙ ውስጥ ተሰነቀረ። አንድ አፍታ ነበር። ክሩ አለቱ ላይ ተበጠሰ።

«የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ!» አለች አክስትየዋ። መርከበኞቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ዊዲያኒ ዓሣ ያመለጠው ወንድ ብዙ አይታለች። ነፋሱን የሚወቅስ አለ፤ ክሩን የሚረግም አለ፤ «ጠዋት ሚስቴ አበሳጭታኝ ነው» ያለም አለ። ሙስታሪ የተቀደደ ሸሚዙን እያየ ሳቀና፣ የሚያዛቸው መርከበኞች ሁሉ እየሰሙ «ተሳስቻለሁ፣ ባይቅ። ቁረጪው» አላት።

የምትመልሰው ስድብ አጣች። ፍቅር የያዛት ያኔ ነው።

ቆረጠችው፣ ሠራችው፣ እንደ ክንዱ ሆነለት። ከዚያ በኋላ ያለ ሰበብ የመጣበት ቀን አልነበረም። አንዴ የክር ማሳለፊያ ቀለበቱ ያልላላ ዘንግ «ላልቷል» ብሎ ያመጣል፤ አንዴ የሙዝ ጥብስ «ተርፎኝ ነው» ብሎ ያስቀምጣል፤ አንዴ ደግሞ ምንም ሳይዝ መጥቶ ክር ስትጠቀልል ያያል። ስትሰድበው ይስቃል፤ ስትስቅ ዝም ብሎ ያያታል። እሱ ዝም ሲል የጠቀለለችው ይዛነፍባትና ፈትታ እንደገና ትጀምራለች።

አንድ ቀን ራሷ ጀመረችው።

«መቼ ነው የምትሰርቀኝ?»

ሙስታሪ ደነገጠ። «ምን አልሽ?»

«እኛ ዘንድ ሴት አትለመንም፤ ትሰረቃለች። ፈቅዳ ነዋ! አባቷ ይፎክራል፣ ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ከዚያ ሰርግ ነው። እዚህ ተወልደህ ይሄን አታውቅም?»

«አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ግን ሴት ልጅ ከኮበለለች ወንድሞቿ ጩቤ ይመዛሉ። እናቴ ምራቷን አንገቷን ደፍታ እንድትቀበል አልፈልግም። በፊት በር ነው የምመጣው።»

«በፊት በር ከመጣህ አባቴ ጥጃ ሊገዛ የመጣ ነው የሚልህ።»

«አባትሽን ማክበሬ ነው፣ ዊዲ።»

«እኔንስ?»

ሙስታሪ እንዳለው አደረገ። በፊት በር መጣ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደገው አጎቱ ሐጂ ቤዱ ነጭ ቆቡን ደፍቶ ከፊት፣ የሐር ሽርጥና የኬክ ትሪ የያዙ ሴቶች ከኋላ። የዊዲያኒ አባት ራሲፕ፣ በመኳንንት ማዕረጋቸው «ማሚቅ»፣ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ተቀበሏቸው። የመጡበትን ነገር ሲሰሙ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ ዶሮ ናት? ጥጃ ናት? ለገበያ አውጥቻታለሁ? በእኛ አገር ወንድ የሆነ የሚፈልጋትን አይለምንም!»

ሐጂ ቤዱ ተነሣ። «በሽበቴ ተሰደብኩ። ተነሡ!» ትሪዎቹ ሳይገለጡ ተመለሱ። ሙስታሪ በሩ ላይ ዞር ብሎ መጋረጃውን አየ። ዊዲያኒ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። «ነግሬህ ነበር» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተጋደመ።

በአክስቷ በኩል ላከችበት፤ ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከጀልባ መጠገኛው ጀርባ። የላከችው ይህን ብቻ ነው። የሳሳክ ልጅ ከዚህ በላይ አትልም።

ሐሙስ ልብሷንና የመጠቅለያ ክሯን ቋጥራ ወጣች። ሙስታሪ ቀድሟት ደርሷል። ጀልባው ውኃው ላይ ይዋልላል። ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ወደ እሱ ሮጠ፤ እግሯ ግን በኩራት ቀስ ብሎ ሄደ።

«ዊዲ» አለ፤ ጥቅሏን አይቶ ዓይኑን ሰበረ። «አጎቴ ምሏል። ከተሰደብን በኋላ ልጅቷን ሰርቀህ ብታመጣ ሰው ተበቀለ እንጂ አገባ አይልህም ብሏል። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ከአጎቴ የበለጠ የሚከበር ሽማግሌ ፈልጌ እንደገና እልካለሁ።»

«እንደገና?»

«በክብር እንድትወጪ ነው።»

«አጎትህ ያለውን ሰማሁ። አንተስ ምን ትላለህ?»

«እሱ እኮ ነው ያሳደገኝ...»

«የለካሁት የአጎትህን ክንድ አይደለም!»

ሙስታሪ እጁን ወደ ጥቅሏ ዘረጋ። አየር ላይ ቆመ። ቢይዘው ኖሮ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ቢይዘው ኖሮ፣ ትከተለው ነበር። እጁ ወረደ። ያን ቀን መርከበኛ ሁሉ እየሰማ «ተሳስቻለሁ» ያለው ሰው፣ ዛሬ ማንም በሌለበት ቃሉን አጣው። እሷም «በለው፣ እባክህ በለው» ማለት አቃታት። አፏ ለስድብ እንጂ ለልመና አልተገራም።

«ጠብቂኝ» አላት።

«ምሰሶውን ‹ጠብቅ› በለው፤ እሱ ሥራ የለውም» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

እስክትታጠፍ ድረስ እርምጃውን አዳመጠች። አልተከተላትም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ብቻቸውን በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ፊቷን አዩ፤ ጥቅሏንም አዩ። ዊዲያኒ ዱላ ጠብቃ ቆመች።

«አልመጣም እንዴ?» አሏት።

አልገባትም።

«ወንድሞችሽን እንቅፋት እንዳይሆኑሽ ማስባጊክ ከተማ ላክኋቸው። የጓሮውንም በር ክፍት ነው የተውኩት።»

«ማሚቅ... እርስዎ አልነበሩም እንዴ ያባረሯቸው?»

«ታዲያ ጎረቤት ተሰብስቦ እሺ ልበል? እኔንም አያትሽ በድንጋይ ነው ያባረሩኝ፤ በሳምንቱ እናትሽን ይዤ ጠፋሁ። እኔም ቢወስድሽ ኖሮ ‹ቡጊስ ወሰዳት፣ ልጅ የለኝም› እያልኩ እፎክር ነበር። የልጅ ልጅ ሲመጣ ይረሳል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አላስረዳሽውም?»

«ነግሬዋለሁ። መጥቶም ነበር።»

«እና?»

«ሌላ ሽማግሌ ልላክ ሊለኝ ነው የመጣው።»

አባቷ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጠረጉ። ከታች ከወደቡ የሞተር ድምፅ ተነሣ።

«የሱ ነው?»

«የሱ ነው።»

«ከባሕረ ሰላጤው አፍ ሳይወጣ ትደርሺበታለሽ። በአክስትሽ ልጅ ሞተር ብስክሌት፣ በዳርቻው መንገድ። እኔ አላየሁሽም።»

ዊዲያኒ ጥቅሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ሄጄ ልለምነው?»

«እንጃ፣ ልጄ። ወንድ ሲለመን አይቼ አላውቅም።»

ሁለቱም ወደ ባሕሩ አዩ። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፤ አለቶቹ ጋ ሲደርስ ትንሽ የቆመ መሰለ፤ ከዚያ እንደገና ቀጠለ። ዊዲያኒ አባቷን አልፋ ገባች፤ በጨለማው ውስጥ ተጉዛ የጓሮው በር ጋ ደረሰች።

«ክፍት ተዪው» አሏት አባቷ ከበረንዳው። «ማን ያውቃል...»

«ለማን?» አለች ዊዲያኒ። «በዚህ አገር ሌባ ጠፍቷል።»

የበሩን መወርወሪያ አስገባችና ቆለፈችው።