ቁልፉን ያስታወሰው ኮምፒውተር

ሱሉልታ በሚገኝ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ጉታ በቢሮው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከኋላው ተመትቶ ነው። ኢንስፔክተር ሰብሪያ ደም የደረቀበትን ኪቦርድ ጎንበስ ብላ አየች።

ዕለቱ እሑድ ስለነበር ግቢው ውስጥ የነበሩት ባለቤቱ ኦቦ ዲሪርሳ፣ ጸሐፊዋ ሩሃማና የጥራት ተቆጣጣሪው ዮኒ ብቻ ናቸው።

ሐኪሙ «የሞተው ጠዋት መብራት ከመጥፋቱ በፊት ነው» ብሏል። ሆኖም መብራቱ ከተመለሰ በኋላ አንድ ሰው በጉታ ቁልፍ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የመግቢያ ፋይል፣ የፋብሪካው መረጃ ወዳለበት ሰርቨር ገብቶ የውሃውን የምርመራ ውጤት አጥፍቷል። ውሃው መበከሉን ጉታ ለሚስቱ ለኤቢሴ ነግሯት ነበር።

«ቁልፉ የይለፍ ሐረግ የለውም?» ስትል ሰብሪያ ጠየቀች።

«አለው እንጂ» አለች ሩሃማ እንባዋን እየጠረገች። «ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ጉታ ራሱ ይጽፈው ነበር። ለማንም አይናገርም ነበር።»

«እኔ ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚከፈት እንኳ አላውቅ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

ዮኒ ትከሻውን ሰበቀ። «ምን ሐረግ ያስፈልጋል? ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቢነሳም ቁልፉን ያስታውሳል። ቢሮው የገባ ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል።»

ሰብሪያ የፖሊስ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ፈትሾ እስኪጨርስ ጠበቀችና ሦስቱንም ጠራቻቸው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችው። ሰርቨሩ ምንም ሳይጠይቅ ተከፈተ።

«ዮኒ እውነቱን ነው፤ ያስታውሳል» አለች። «ግን ባለሙያው እንዳገኘው፣ እንዲያስታውስ የተደረገው ዓርብ ነው። ዓርብ ጉታ ቡራዩ ለቅሶ ላይ ነበር። ቅዳሜ ሐረጉን እንደ ወትሮው ሲጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ሳያሳውቀው ያዘው። እሑድ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ኮምፒውተሩ ስላልጠፋ ጉታ እንኳን አላወቀም። የሚያውቀው ቅንብሩን የለወጠው ሰው ብቻ ነው። አንተ ደግሞ፣ ዮኒ፣ እኔ ሳልሞክረው ነገርከኝ።»

ሩሃማ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ዮኒ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ውሃው ንጹሕ ነው ብዬ ፈርሜ ነበር» አለ። «ውጤቱን ለማጥፋት ስመጣ፣ ጉታ እሑድ ይመጣል አላልኩም። ውጤቱን ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ልልክ ነው አለኝ። ለመንኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ መጻፍ ጀመረ። ስመታው ወዲያው መብራቱ ጠፋ። እስኪመጣ… አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ።»

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ!» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

ሰብሪያ ወደ እሳቸው ዞረች። «ያ ውሃ አሁን የት ነው ያለው?»

ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ባዶው መጫኛ አመለከቱ። «ትናንት ተጭኖ ወጥቷል… ወደ ተጂ ከተማ።»

ስልኳን አንስታ እየሮጠች ወጣች። የጭነት መኪናው ሰበታ ላይ ሲያዝ ግን ከጭነቱ ግማሹ በመንገዱ ባሉ ሱቆች ወርዶ ነበር።