ከሠረገላው የወደቀችው

በዚያ ዓመት በረዶው በጥቅምት ጀመረ፤ እስከ መጋቢት አልቆመም። የወረቀት ፋብሪካው በኅዳር ተዘጋ። የኦፓል አባት ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ሄደ። በየካቲት ማገዶ አለቀ፤ ኦፓልና የአያቷ እህት ቨርና ኩሽና ውስጥ መተኛት ጀመሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሞልቷል። ስለ ድሮ የቴሌቪዥን ድራማዎች የሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር መጨረሻው ላይ ደርሷል። ሽልማቱ አንድ መኪና ሙሉ ፍልጥ ነው። ኦፓልና ጓደኛዋ ድዋይት በአንድ ነጥብ ይመራሉ፤ የቀረው ጥያቄ ሁለት ነጥብ አለው።

ጠያቂው ሚስተር ሆልኮም ካርዱን አነሱ። «‹የፔከር መሻገሪያ› በተባለው የካውቦይ ድራማ፣ ከሚሮጠው ሠረገላ የወደቀችው ተዋናይት ማን ናት?»

ድዋይት ሳቀ። «ቀላል! ሮዛሊንድ ቴት። ጻፊና ማገዶሽን ጫኚ።»

ኦፓል አልጻፈችም። በሮዛሊንድ ፈንታ፣ የሮዛሊንድን ቀሚስ ለብሳ የወደቀችው ቨርና ናት። ዳሌዋ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ ታነክሳለች። የድራማው አዘጋጆች «በሚቀጥለው ሳምንት ስምሽን ከተዋንያኑ ጋር እናወጣለን» ብለዋት ነበር። ሳይወጣ አርባ ስምንት ዓመት ሆነው።

ድዋይት ነገሩ ገባው። «ነጥብ የሚያሰጠው ካርዱ ላይ ያለው ነው። አበድሽ እንዴ?»

«የተሳሳተውንም ጮክ ብለው ያነቡታል አይደል?»

«ለመሳቂያ ነዋ!»

ቨርና ከኋላቸው ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። «ተዪው፣ የኔ ልጅ» አለች ቀስ ብላ። «ብርዱን አስቢ።»

«ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ አክስቴ።» ጻፈችና ወረቀቱን ሰጠች።

ሚስተር ሆልኮም ማንበብ ጀመሩ። «ጠረጴዛ ሁለት፣ ሮዛሊንድ ቴት። ትክክል! ጠረጴዛ አምስት...» ቆም አሉ። «ቨርና ምናምን።»

አዳራሹ ሳቀ። «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አለ አንዱ።

ኦፓል ብድግ አለች። «ምናምን አልጻፍኩም። ይድገሙት።»

«ልጄ፣ መልሱ ስህተት ነው።»

«ስህተት ይበሉት። ማገዶውንም ለእነሱ ይስጡ። ግን የወደቀችው እሷ ናት፤ እዚህ ተቀምጣለች። የጻፍኩትን እንዳለ ያንብቡት።»

ሳቁ ቆመ። ሚስተር ሆልኮም ወደ ቨርና ከዘራ፣ ከዚያ ወደ ካርዳቸው ተመለከቱ። መነጽራቸውን አስተካክለው ማይክሮፎኑን አስጠጉ።

«ቨርና ስቲልዌል።»

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ቨርና ከዘራዋን ሳትይዝ ቆማ ነበር።