ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ የተለካው ስኳር

ኃይለ ገብርኤል ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤቱ፣ መደብ ላይ ጋቢ እንደለበሰ ሞቶ ተገኘ። ወንድሙ ዳኘው አንዲት ጠብታ እንባ ሳያወጣ ጣቱን በሟች ሚስት ላይ ቀሰረ።

«ሸጊቱ ባወጣችው አረቄ ነው የሞተው! መርዛዋለች!»

ምስኪኗ ሸጊቱ ጠዋት የስኳር በሽተኛ ባሏን ኢንሱሊን ወግታ፣ ምሳውን ከድና፣ መሸንቲ ከተማ ለቅሶ ሄዳ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ስትመለስ ሬሳ ጠበቃት፤ አሁን ደግሞ እስር ቤት ሊጠብቃት ነው።

ኢንስፔክተር አገርነሽ ጋቢውን ገለጠች። ሸሚዙ በላብ ርሷል። የግራ እጁ እስከ ጣቶቹ ጫፍ በጄሶ ታስሯል፤ የቀኝ እጁ ጣት ላይ ደም የደረቀበት የመርፌ ቀዳዳ አለ። ምሳው እንደተከደነ ነው።

«ማን ነበር አብሮት?»

«እኔና ጎረቤታችን መሪጌታ ጥዑመ ልሳን» አለ ዳኘው። ዳኘው የክሊኒክ ነርስ ነው፤ ሰፈሩ «ዶክተር» ሲለው ግን ደረቱን ይነፋል። «ስምንት ሰዓት ላይ ሰክሮ ተኛ። ጋቢ አልብሼው ወጣሁ፤ ሌላ ምንም አልነካሁም።»

«መሪጌታ፣ አረቄውን ማን አጠጣው?» አለች አገርነሽ በር ላይ ወደቆሙት ጎረቤት ዞራ።

«እኔ ነኝ፣ አብሬው እየጠጣሁ፣ በሞቴ እያልሁ። ዳኘው አረቄ መራራ ነው፣ ለስኳር መድኃኒት ነው ቢለን አመንሁ።»

«ከዚያስ?»

«ራበኝ አለ። ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው፣ ምላሱ ተኮላተፈ። ሰከረ ብዬ ሳቅሁ። ዳኘው ይተኛ ብሎ ሸኘኝ።»

ድንቄም ሊቅ! ያን ሁሉ ዘመን ተምረው ለራበው ሰው እንጀራ ማቅረብ ጠፋቸው።

አገርነሽ ከጠረጴዛው መሳቢያ የሟችን የስኳር መለኪያ አውጥታ ቁልፉን ተጫነች። ከዚያ መሸንቲ ደውላ ስታበቃ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«መርዝ የለም፤ መሪጌታ ከዚያው ጠርሙስ ጠጥተው ይኸው ቆመዋል። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው በባዶ ሆዱ አረቄ ከጠጣ ስኳሩ ያሽቆለቁላል። ላቡም መንቀጥቀጡም ከዚያ ነው። እስከዚህ ድረስ ድንቁርና ነው እንበል። ይህ መሣሪያ ግን የለካውን ከነሰዓቱ ያስታውሳል፤ ዛሬ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ሠላሳ አራት ይላል። ከሰባ በታች እንኳ አደጋ ነው! ማን ለካው? ሸጊቱ መሸንቲ እንደነበረች ለቀስተኞቹ መስክረዋል። ሟች በጄሶ በታሰረ እጁ የቀኝ ጣቱን መውጋት አይችልም። መሪጌታ፣ እርስዎ ያውቁበታል?»

«እኔ? ማብሪያውንም አላውቅ!»

ዳኘው ድምፁን ከፍ አደረገ። «ልረዳው ብዬ ነው የለካሁት!»

«ምንም አልነካሁም ያልኸውስ? ሠላሳ አራት አይተህ በስኳር ፈንታ ጋቢ ሰጠኸው! ልጅ የለውም፤ ሚስቱ ገዳይ ከተባለች ይህ የአባታችሁ ቤት ላንተ ነው። ይቺ ሴት ቁልፍ መጫን የት ታውቃለች ብለህ ናቅኸኝ። አይ ዶክተር!»

ዳኘው በካቴና ሲወጣ ሸጊቱ ቀና አለች።

«ያኔ ምን ቢሰጡት ይድን ነበር?»

«ራበኝ ሲል ገና ይናገር ነበር፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ይበቃው ነበር።»

መሪጌታ ወደ አገርነሽ ጠጋ አሉ። «እኔስ ምን ልሁን?»

«ለእርስዎ የሚሆን አንቀጽ የለኝም» አለች አገርነሽ ፊቷን አዙራ።

ሸጊቱ ግን ነበራት።

«ፍትሐቱን ሌላ ሰው ያድርስለት፤ እርስዎ ቀብሩ ላይ እንዳይመጡብኝ።»