የካፒቴኑ ትከሻ

ሰውየው የሞቱት በቀኝ ጎናቸው ተኝተው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። መሪ ሲይዙ አውሮፕላን የሚያበሩ ይመስሉ ስለነበር ሰፈሩ «ካፒቴን» ነው የሚላቸው። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ከገባ በኋላ ሆስፒታሉ «ከእንግዲህ ቤታቸው ይሻላቸዋል» ብሎ ሸኛቸው። እንደማይድኑ ሁሉም ያውቅ ነበር። ግን ያን ቀን ጠዋት ከልጆቻቸው ጋር ሲቀልዱ አርፍደው፣ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ ይቀራሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

መርማሪዋ ግቢው በር ላይ ከመኪና ስትወርድ ትልቋ ልጅ ቀድማ ጠበቀቻት። ርዕሰ መምህርት ናት፤ ስትናገር የሰልፍ ሜዳ ላይ የቆመች ያህል ነው።

«ገዳይዋ ሳሎን ቁጭ ብላለች። ሌላ የሚመረመር ነገር የለም።»

«ማናት?»

«ነርሷ ናት። ከጤና ጣቢያ እየመጣች ቆዳው ላይ የሚለጠፈውን የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር የምትቀይርለት። እኔና እማዬ ጓሮ ልብስ እያሰጣን ነበር። ስትገባ ቦርሳዋ ጠፍጣፋ ነው። ትንሽ ቆይታ ‹አረፉ› ብላ ስትወጣ ቦርሳው ተወጥሯል። ዶክተር ልጥራ ብላ ሄደች፤ ስትመለስ ደግሞ ጠፍጣፋ! አንድ ነገር አድርጋ ገድላው ማስረጃውን ወስዳለች።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። የሰማችውን ሁሉ ነፍታ፣ ሌላው ያላየውን ጠጠር ነው የምታስቀረው። ራሷ ስሙን አትወደውም፤ «ወንፊት ምን ትርፍ አለው፣ ዱቄቱን ለሌላው ነው የሚሰጠው» እያለች ትቀልድበታለች። ልጅቷን በትዕግስት ሰምታ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አንሶላው የተተኮሰ፣ ኮመዲኖው የተወለወለ። ብርጭቆ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃና ስትሮ አለ። ጥግ ላይ፣ ወንበር ላይ በተቀመጠች ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ፣ ማንቆርቆሪያ ተጥዷል። ወንፊት እጇን አስጠጋች፤ ገና ለብ ይላል። ሲኒ ግን የለም፣ ስኳር የለም።

የካፒቴኑን ሸሚዝ ቀስ ብላ ገለጠችው። ፕላስተሩ በግራ ትከሻቸው ጀርባ፣ ወደ ላይ በዋለው ጎን፣ በሥርዓቱ ተለጥፏል። ዙሪያውን ያለው ቆዳ መረብ የተጣለበት ይመስል ቡኒና ቀይ ሆኖ ተዥጎርጉሯል። በሌላኛው ትከሻም ደብዘዝ ያለ ተመሳሳይ መረብ አለ።

ባለቤታቸው በአልጋው ግርጌ ቆመው ነበር። ቀጭን፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ አሮጊት ናቸው፤ አሁንም የአንሶላውን ጫፍ እያስተካከሉ ነው።

«እማማ፣ ካፒቴኑ ሻይ ይወዱ ነበር?»

«ድሮ ነዋ ልጄ። አፉ ከቆሰለ ወዲህ ትኩስ ነገር መቼ ይነካል? ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ።»

ወንፊት ወደ ማንቆርቆሪያው አየች።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደች። ካፒቴኑን ሲከታተል የነበረው ሐኪም የአስከሬን ምርመራውን ውጤት ይዞ ነበር የጠበቃት። ፊቱ የደከመው ሰው ነው፤ ኮሪደሩ ላይ በሽተኛ በቃሬዛ፣ አስታማሚ በመሬት ተሰልፎ ይጠብቀዋል።

«የሞቱት በማስታገሻው ነው» አላት። «ደማቸው ውስጥ የተገኘው ካዘዝኩት እጅግ ይበልጣል። ትንፋሻቸውን ቀስ በቀስ አስቁሞታል።»

«ቤት ያሉትን ፕላስተሮች አይቻለሁ፤ የጎደለ የለም። ሰውነታቸው ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። በአፍ ይሆን?»

«ሆዳቸው ውስጥ የለም። አዲስ የመርፌ ቀዳዳም የለም።»

«ታዲያ ትከሻቸው ላይ ያለው ቅላት ምንድነው?»

«አልጋ ላይ የሰነበተ ሰው ቆዳው እንዲያ ይሆናል።»

«በተኙበት ጎን ቢሆን እሺ። ዶክተር፣ ይሄኛው ወደ ላይ የዋለው ነው።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

«ሲሸኟቸው ለቤተሰቡ ምን አሉ?»

«ለሁሉም የምለውን ነው። ወንድ ልጃቸውን እዚሁ ኮሪደር ላይ አግኝቼ ነገርኩት፤ ፕላስተሩ አይቆረጥ፣ ከሙቀት ይጠበቅ፣ ትንፋሻቸው ከዘገየ ጥሩን አልኩት። ቁጭ ብዬ ባስረዳው ደስ ይለኝ ነበር።» ወደ ሰልፉ አመለከተ። «ጊዜው በየት በኩል?»

ወንድ ልጁን ያገኘችው ሥራው ላይ ነው። ቤት ቀቢ ነው፤ መሰላል ላይ ሆኖ አንድ ግድግዳ ደጋግሞ ይቀባል። ሁለቴ ደርቆ ሁለቴ ያማረ ግድግዳ ነበር።

«አባቴ ቤት መሆን አልቻልኩም» አላት ሳይወርድ። «እጄ ሥራ ሲፈታ ያሳብደኛል።»

«ከሆስፒታል ስታወጣቸው ዶክተሩ ምን አለህ?»

«ያኔ ራሴ መች ነበርኩ? አባትህን ውሰድ፣ አይድንም ተብዬ… ግን የነገረኝን በቃሌ ይዣለሁ። ፕላስተሩ አይቆረጥ፣ ሙቀት ይጠበቅ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ጥሩን። እንዳለ ለእማዬ ነገርኳት። አንዲት ነገር አላጎደልኩም።»

ወንፊት ማስታወሻ መያዟን ተወች። ልጁ ግን ብሩሹን ቀለም ውስጥ እየነከረ ነበርና ፊቷን አላየም።

ነርሷ ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ ከሥራ ታግዳ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ወጣት ናት፤ ጫማዋ በየቤቱ ከመዞር ብዛት ሶሉ ወደ አንድ ጎን አልቋል። ወንፊት ቦርሳዋን ከፍታ የፋሻ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ወረቀታቸው ረጥቦ ደርቆ ተጨማዷል።

«ሰሞኑን አልዘነበም» አለች።

«ውሃ ፈሶበት ነው።»

«የምን ውሃ?»

ነርሷ ፋሻዎቹን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረች።

«እህቴ፣ የሰውየው ልጅ ገዳይ እያለችሽ ነው። አለቆችሽም እጃቸውን እየታጠቡብሽ ነው። አንድ ነገር በይ እንጂ!»

«ሰምቻለሁ። የምለው የለኝም።»

ስትወጣ ወንፊት ገሚሱን አውቃዋለች። ቀሪውን ለማግኘት ወደ ካፒቴኑ ቤት ተመለሰች። ለቀስተኛው ለጊዜው ቀለል ብሎ አሮጊቷ ብቻቸውን ወጥ ቤት ቆመው ነበር።

«እማማ፣ ከቤት የጠፋ ዕቃ አለ?»

«ኧረ ምንም የለ። ማን ይሰርቃል?» አሉና ትንሽ አመነቱ። «እንዲያው የማይረባ ነገር ነው፤ አንቺንም ማድከም ነው። የሙቅ ውሃ ላስቲኬ ጠፋብኝ። ትከሻው ላይ፣ ፕላስተሩ በተለጠፈበት በኩል የማደርግለት። ሕመሙ ሁለቱም ትከሻው ላይ ነበር የሚጠናበት፣ ብርድ ብርድም ይለው ነበር። እሱን ሳደርግለት ፊቱ ፍታ ይል ነበር። ልጄም ‹ሙቀት ይጠበቅ ብለዋል› ብሎኛል። ነርሷ ስትመጣ ክፍሉ እንዳይዝረከረክባት አነሳዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ሳላነሳ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ።» ፈገግ አሉ። «እንቅልፍ ወስዶት ነበር እኮ። እንዲያ ደልቶት ሲተኛ አይቼው አላውቅም።»

ወንፊት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ለረዥም ጊዜ ተቀመጠች። ዝም ብትል ነርሷ እስር ቤት ትገባለች። ብትናገር እኚህ ሴት… የትኛውም መንገድ ሰው ላይ ነበር የሚያልፈው። ብዙ ገዳይ ይዛለች፤ ሌባም፣ ቀጣፊም። እውነቱን ስታገኘው ግን እንዲህ ለመናገር የከበዳትን ቀን አታስታውስም።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ትልቋ ልጅ እናቷ አጠገብ፣ ወንድሟ ቀለም የነካው ሱሪውን እንደለበሰ በሩ ሥር፣ ሐኪሙ ሶፋው ጫፍ ላይ። ነርሷ ለብቻዋ ወንበር ተሰጣት፤ አጠገቧ የተቀመጠ የለም።

«ከማንቆርቆሪያው ልጀምር» አለች ወንፊት። «ትኩስ ነገር የማይቀምስ ሰው ክፍል ውስጥ ውሃ ተፈልቷል። ሊጠጣ ካልሆነ ለምን? ሁለተኛ፣ ካፒቴኑ ትከሻቸው ላይ እንደ መረብ ያለ ቅላት ነበር፤ መኝታ ያመጣው እንዳይባል በላይኛው ጎን ነው ያለው። እንዲያ ያለ ምልክት የሚወጣው አንድ ቦታ ላይ በተደጋጋሚ ሙቀት ሲደረግበት ነው። ልክ ነኝ ዶክተር?»

ሐኪሙ ቀና አለ። ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። «ልክ ነዎት» አለ ቀስ ብሎ።

«ሙቀት ፕላስተሩን ምን ያደርገዋል?»

«መድኃኒቱ በቆዳ በኩል ጥቂት በጥቂት እንዲገባ ነው የተሠራው። ሙቀት ካገኘ… ለቀናት የታሰበው ባንዴ ይገባል።»

«ስለዚህ የሰረቀም፣ የደበለም የለም። ካፒቴኑን የገደላቸው ያው የታዘዘላቸው ፕላስተር ነው፤ ሙቀት ተደርጎበት።»

«ታዲያ እሷ ናታ!» ትልቋ ልጅ ብድግ አለች። «ነርስ አይደለች? ታውቃለች!»

«ታውቃለች። ስትገባ ካፒቴኑ ሞተዋል፤ የሙቅ ውሃ ላስቲኩ ትከሻቸው ላይ ነው። አንዴ ስታየው ሁሉ ነገር ገባት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ክዳኑ አልጠበቀ ኖሮ ፋሻዋን አረጠበባት። የተወጠረው ቦርሳ ይሄ ነው። ከቤት ያወጣችው መድኃኒት አይደለም፤ ላስቲኩን ያደረገውን ሰው ልትሸፍን ነው።»

ወንድ ልጁ ቀለም የነካው እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

«ዶክተር፣ ለልጃቸው ያሉትን አሁን ይድገሙልኝ።»

«ፕላስተሩ አይቆረጥ፣ ከሙቀት ይጠበቅ…»

«አንተስ ለእናትህ ምን አልካቸው?»

ልጁ አፉን ከፈተ። «ሙቀት ይ…» አለና ቆመ። ወደ ሐኪሙ ዞረ፣ ወደ እናቱ ዞረ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ እስኪቀመጥ ድረስ ወረደ።

«አንዲት ‹ከ› ናት የጠፋችው» አለች ወንፊት። ድምጿ ለራሷም ጎረበጣት። «ቃሬዛ በሚንኳኳበት ኮሪደር፣ አባትህ አይድንም በተባለ ሰው ጆሮ። ማንም እሷን አይሰማም።»

ነርሷ ሳሎን ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «እኔም መጀመሪያ ቀን መጥቼ ልነግር ነበር።» ወደ ትልቋ ልጅ አላየችም፤ ልጅቷ ግን አስታወሰች።

«‹ነግረውናል፣ እናውቃለን› አልኩሽ» አለች ርዕሰ መምህርቷ። የሰልፍ ሜዳ ድምጿ የት እንደገባ እንጃ። «ስብሰባ ነበረብኝ።»

«ደግሜ መናገር ነበረብኝ። ቅላቱንም አይቼዋለሁ፤ ፕላስተሩ አልስማማቸው ብሎ ነው ብዬ ወደ ሌላው ትከሻ አዛወርኩት።»

«ላስቲኩን የደበቅሽው ለእሳቸው ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?» አለቻት ወንፊት።

ነርሷ አሰበች። «አላውቅም» አለች። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

ሁሉም አሮጊቷን ሊያያቸው እየፈለገ ማየት ፈርቶ ነበር። አሁን አሮጊቷ ነርሷን ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺ፣ ዝም ልትዪኝ ነበር?»

«አዎ እማማ።»

«እኔ የገደልኩትን አንቺ ታስረሽበት፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ‹ነፍሱን ይማር› እያልኩ ልኖር?»

«እርስዎ አልገደሉም እማማ…»

«ታዲያ ማነው!» ጩኸታቸው ቤቱን አናወጠው። «ንገሩኛ! ይቺ አይደለችም አላችሁ፣ ዶክተሩ አይደለም፣ ልጆቼ አይደሉም። ማነው ታዲያ?»

ሁሉም ወንፊትን አዩ። ለዚህ ነበር የተጠራችው። ሙያዋ ይሄ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ እሷ ጣቷን ቀስራ «እገሌ ነው» ማለት። አምስት ሰው ፊቷ አለ፤ ሁሉም ድርሻ አለው፤ የሁሉም ድርሻ ቢደመር አንድ ጥፋተኛ አይወጣውም።

«የለም እማማ» አለች። «የሚያዝ ሰው የለም።»

ያም ቢሆን ሙሉ እውነት አልነበረም። ማስረጃ ከአስከሬን ላይ ማንሳት በሕግ ያስጠይቃል። ወንፊት ይህንን መናገር ነበረባት፣ ተናገረችም፤ ነርሷ ፖሊስ ጣቢያ መጥታ ቃሏን መስጠት እንዳለባት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ከእሷ እጅ ውጭ እንደሆነ። ከዚህ ቤት ለመከሰስ የቀረችው ነርሷ ብቻ ነበረች። ሐኪሙ «እኔ እመሰክርላታለሁ» አለ። ነርሷ ራሷን ነቅንቃ ተነሳች።

በዚህ መሃል አሮጊቷ ወንበሩ ላይ ዘንበል አሉ። ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«እማዬ!» ልጆቹ ሁለቱም ጮኹ፤ ሁለቱም ግን ካሉበት አልተንቀሳቀሱም።

ነርሷ ናት ቀድማ የደረሰችው። ወለሉ ላይ ተንበርክካ የደም ግፊት መለኪያውን ከቦርሳዋ አወጣች። ክንዳቸውን ስትይዝ አሮጊቷ ነጠቋት፤ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዙት። ነርሷ አልታገለችም፣ አላባበለችምም። እንደተንበረከከች ጠበቀች።

ከዚያ አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ሳያዩአት፣ ክንዳቸውን ዘረጉላት።

ወንፊት በሩ ላይ ቆማ ነርሷን ጠበቀቻት። ጣቢያ የሚያደርሳቸው መኪና ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ነበር፤ ለሾፌሩ በእጇ ምልክት ሰጥታ ሞተሩን አስጠፋችው።