ብሳና የገባበት ቀንበር

«ይሄስ?» አለች ነፃነት፣ ፍልጡን ወደ ውዳሴ አፍንጫ አስጠግታ።

ውዳሴ ዓይኗን እንደጨፈነች አሸተተች። «ባህር ዛፍ። ይሄንማ ማረውም ያውቀዋል።» ማረው የስድስት ዓመት ታናሽ ወንድሟ ነው።

«እሺ፣ ይሄስ?»

ይሄኛው ወዲያው አልታወቃትም። ውሃ የጠጣ እንጨት ላዩ ጭቃ ጭቃ ብቻ ነው የሚለው። በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አደረገችና ደግማ አሸተተች። «ጽድ። ቀይ ነው አይደል? እርሳስ ስትቀርጪ የሚሸተው ነው።»

«አትፎግሪኝ ባክሽ፣ አጮልቀሽ እያየሽ ነው» ብላ ነፃነት ሳቀች። ውዳሴም ፈገግ አለች። ጎርፉ ከመጣ ወዲህ ፈገግ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር።

አምና ሰባተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ነፃነት የመምህር ልጅ ናት፤ ቤቷ እዚሁ ወረታ ከተማ ውስጥ ነው። የውዳሴ ቤት ግን ርብ ወንዝ ዳር ነበር። ነበር የሚባለው ከዐሥራ ሁለት ቀን በፊት ርብ ሞልቶ ቀዬውን ጠራርጎ ስለወሰደው ነው። አሁን ከሠላሳ ቤተሰብ ጋር የምትተኛው በተማረችበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ዴስኮቹ ውጭ ተደርድረው ዝናብ ይመታቸዋል።

ውሃው መጉደል ሲጀምር አያ በላቸው የሚባሉ ጎልማሳ በአህያ ጋሪያቸው ጎርፉ የጣለውን እንጨት እየለቀሙ፣ እየፈለጡ ከክፍሉ ጀርባ መቆለል ጀመሩ። ለተፈናቃዩ ቂንጬ የሚቀቀለው በዚያ ነው። ታዲያ ማገዶ ሁሉ አንድ አይደለም። ሾላ ሲጨስ ይውላል እንጂ አይነድም። ግራርና ወይራ ፍማቸው ይቆያል። ብሳና የገባ ቀን ደግሞ ሴቶቹ ዓይናቸውን እያሹ ከማብሰያው ሮጠው ይወጣሉ። ውዳሴ እንጨት እንደምታውቅ ሲደርሱበት የመለየቱን ሥራ ለእሷ ሰጧት። እሷም ሥራ በማግኘቷ ደስ ብሏት ነበር፤ እጇ ሥራ ሲይዝ ሐሳቧ ትንሽ ይተዋታል።

እንጨት ያስተማራት አባቷ ነው፣ አዛናው። ትምህርቱ የጀመረው በስህተት ነበር። አምና በእርሻ ወቅት ወይፈኑ ደንብሮ የቀንበሩን ማነቆ ሰበረ፤ ማነቆ በበሬው አንገት ግራና ቀኝ የሚወርደው ዱላ ነው። ውዳሴ ወንዝ ዳር ሄዳ ልጡ የተላጠ፣ ጥቁር፣ ከባድ ዱላ አገኘችና «ወይራ አመጣሁልህ!» እያለች ሮጣ መጣች። አባቷ ፋቅ አድርጎ አሸተተና እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ።

«ይሄ ብሳና ነው፣ ልጄ፤ እንደ ወይራ አይጠነክርም። የጠቆረው በጭቃ፣ የከበደው በውሃ ነው። ላዩን አትመኝው፤ ፋቂና አሽች።»

አፍራ ልትጥለው ስትል ከእጇ ተቀበላት። «ተይው፣ ወይራ እስካገኝ ይይዛል» ብሎ ጠረበና ከቀንበሩ ቀዳዳ ከተተው። ጎረቤቱ ሁሉ እየሳቀበት ዓመት ሙሉ አረሰበት። ወይራ አጥቶ ይሁን ሳይፈልግ ቀርቶ ውዳሴ አታውቅም። እሷን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ብሳናዬ» ይላት ነበር።

ጎርፉ የመጣ ጠዋትም እንደዚያው ጠራት። «ብሳናዬ፣ ማረውን እዘይና ከእናትሽ ጋር ወደ ዳገቱ ውጡ።» ወይፈኑ ውሃ ስለሚፈራ ከትልቁ በሬ ከቦራ ጋር ጠመደው። «ቦራ ይጎትተዋል። እኔም ቀንበሩን አልለቅም፤ ከኋላችሁ ነኝ» አላቸው። እስከ ዛሬ አልመጣም።

እናቷ ካሰች ግን ለቅሶ መቀመጥን እንቢ ብላለች። «በሬዎቹን ይዞ ከደረቅ መሬት ወጥቷል። መንገዱ ሲደርቅ ይመጣል» ትላለች። ምግብ በታደለ ቁጥር ከራሷ ድርሻ ቀንሳ በአንድ የቆርቆሮ ሳህን ታስቀምጥለታለች፣ ትከድነዋለች። በማግስቱ ይደፋል። ማረው ሳህኑን እያየ ምራቁን ይውጣል።

«የመጨረሻ» አለች ነፃነት። «ይሄን ካወቅሽ አመንኩሽ።»

ውዳሴ ዓይኗን ጨፍና ተቀበለች። ቀለል ይላል። ፋቅ አደረገችው። «ዋንዛ» አለች። ከዚያ ጣቷ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ቀዳዳው ውስጥ የተሰበረ ዱላ ቁራጭ ተወትፏል። እሱንም ፋቅ አድርጋ አሸተተች።

ዓይኗን ገለጠች። እንጨቱ በአንድ በኩል ጎበጥ ያለ ነው፤ ጉብጠቱ በበሬ አንገት ታሽቶ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል። ዋንዛ ቀንበር የሌለው ገበሬ የለም። ብሳና የከተተበት ግን በፎገራ ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አያ በላቸው» ብላ ተጣራች። «ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከታች፣ ከደለሉ ላይ» አሉ መጥረቢያቸውን ሳያወርዱ። «ቀንበር ነው መሰለኝ። ምነው?»

«ብቻውን ነበር?»

«ብቻውን።»

እሳቸው ወደ ፈለጣቸው ተመለሱ። ውዳሴ ባለችበት ቁጭ አለች። የተሰበረው የእሷ ዱላ ነው። እሱ ሲሰበር ወይፈኑ ወጥቷል፤ ወይፈኑ ሲወጣ ቀንበሩ ተገልብጧል፤ ቀንበሩን አልለቅም ያለው ሰው ደግሞ… ወይራ ቢሆን ኖሮስ? ለነፃነት ሁሉንም ነገረቻት፣ የዱላውንም ጭምር።

ነፃነት ግራ ቀኝ አየች። «እኔና አንቺ ብቻ ነን ያወቅነው» አለች ቀስ ብላ። «እሳት ውስጥ ይግባና በቃ ይረሳ። እናትሽ ትጠብቀው፣ ምን አለበት? አንቺንም ማንም ምንም አይልሽ።»

ክፋት እንዳልሆነ ውዳሴ ታውቃለች። እሷም የፈለገችው ይሄንኑ ነበር። ለምድጃው የለየችውን ግራር በአንድ ክንዷ፣ ቀንበሩን በሌላው ይዛ ወደ ማብሰያው ሄደች። ድስቱ እየፈላ ነው። ግራሩን አወረደች። ቀንበሩንም ወደ ምድጃው አስጠጋች፤ ሙቀቱ ጣቷን ላሰው። ዛሬም ከዚህ ድስት ተቀድቶ ለአባቷ ይከደንለታል፣ በገዛ ቀንበሩ ተቀቅሎ። እጇን መለሰች።

እናቷ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያው ድስት ቂንጬ አስቀድሞ ታድሎ ስለነበር፣ የአባቷ ሳህን ከጎኗ ተከድኗል።

«ምንድር ነው የታቀፍሽው? ማገዶ እኮ እዚህ አይገባም።»

ውዳሴ ቀንበሩን እናቷ ጭን ላይ አኖረችው። «እማዬ፣ ቀዳዳውን ፋቂና አሽችው።»

ካሰች ልጇን አየቻት። ከዚያ በጥፍሯ ፋቀች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቀና ለማለት ብዙ ቆየች።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለች ውዳሴ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። «ወይራ መስሎኝ ነበር።»

«አባትሽ ያውቅ ነበር» አለች ካሰች፣ ቀንበሩን ሳትለቅ። «ወይራማ ጎተራው ሥር ጠርቦ አስቀምጦ ነበር። ቀይረው ስለው ‹ይሄ የልጄ ነው› አለኝ።»

ውዳሴ ፊቷን በእናቷ ትከሻ ቀበረች። ካሰች እጇን ዘርግታ የሳህኑን ክዳን አነሣች፤ እንፋሎቱ ገና አልጠፋም ነበር።

«ለማረው ስጭው» አለች። «ሳይቀዘቅዝ።»

ውዳሴ ዓይኗን ጠርጋ ሳህኑን ተቀበለችና ወንድሟን ልትፈልግ ወጣች።