አይቻልም ያለችው ኑሪያ

ወገኖቼ፣ ይሉኝታ ሰው ሊገድል እንደሚችል አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ሲሠራ ንብረት ጠባቂ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግነቱ መጨረሻው እልልታ ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው የማወራላችሁ።

ትምህርት ቤቱ ባለ ፎቅ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ካልተመታ ልጆቻችን ሌላ ዓመት ጨለማ መጋዘን ውስጥ ሊማሩ ነው። ስለዚህ አንዲት ማንሻ መኪና መጣችልን፤ ቴሌሃንድለር ይሏታል። ከፊቷ ሹካ አላት፣ ክንዷ ሲፈለግ ይረዝማል፣ ሲፈለግ ያጥራል። እኛ ግማሽ ቀን ስንሸከመው የምንውለውን ሲሚንቶ አፍሳ ፎቁ ላይ ስታስቀምጠው አፋችንን ከፍተን እናያታለን። የምትነዳት ኑሪያ ናት፤ የሐሙሲቱ ነጋዴ የሁሴን ልጅ። ፎርማናችን ጋሽ ካሳሁን ደግሞ የአባቷ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ በልጅነቷ አዝለዋታል።

አንድ ሰኞ በግድግዳው ዙሪያ የፍሳሽ ቦይ ተቆፈረ። ኑሪያ መኪናዋን ከቦዩ ወዲህ አቁማ፣ ከፊቷ የተለጠፈውን የጭነት ሠንጠረዥ አየችና ወደ ፎቁ ለሚወጣው ጭነት ሠላሳ ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚበዛ ተናገረች።

«ቅዳሜ ይህንኑ ሠላሳ አንስተሽ የለም እንዴ?» አሏት ጋሽ ካሳሁን።

«ቅዳሜማ ግድግዳው ሥር ቆሜ ነበር፣ ጋሼ። ክንዷ በረዘመ ቁጥር አቅሟ ይቀንሳል።»

«ያዘለሽን ሰው በሠራተኛ ፊት ልታሳፍሪ ነው?»

እኔም እንደ ሞኝ ሳቅሁባት። ኑሪያ አንገቷን ደፍታ ጭነቱን አነሣች።

ክንዱ ወደ ፎቁ ረዘመ፣ ረዘመ፤ ድንገት ማስጠንቀቂያው ጮኸና የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሡ። ጋሽ ካሳሁን ከጭነቱ ሥር ቆመው በእጃቸው እየመሩ ነበር። ክንዱን ዝቅ ብታደርገው ጭነቱ ይበልጥ ወደ ፊት ስለሚርቅ መኪናዋ ትገለበጥ ነበር። ኑሪያ ግን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሰበሰበችው። ጎማዎቹ ዱብ ብለው መሬት ያዙ፤ የሁላችንም ነፍስ ተመለሰች።

ጋሽ ካሳሁን ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «የእኔስ ይሁን፤ ልጄን ነፍሰ ገዳይ ላደርጋት ነበር» አሉ። ወዲያው ቦዩ አንድ ቦታ ላይ በድንጋይና በገረጋንቲ ተደለደለና መኪናዋ ግድግዳው ድረስ ተጠጋች።

ጣሪያው የሚመታበት ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ካህናቱም ሼሆቹም መጡ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ የጣሪያው ብረት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይውጣና ፎቶ እንነሣ አሉ። ሰው ሁሉ ጋሽ ካሳሁንን አየ። እሳቸው ግን ወደ ኑሪያ ዞሩ።

«ይቻላል፣ ኑሪያ?»

«አይቻልም፣ ጋሼ።»

መጀመሪያ ያጨበጨቡት ጋሽ ካሳሁን ናቸው። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ብረቱ በሦስት ምልልስ ወጣ፤ ፎቶውም ሦስት ሆነ።

ዛሬ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጆቻችን ከሥሩ ጮክ ብለው ያነባሉ። ወገኖቼ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው «አይቻልም» ሲላችሁ ዕድሜውን አትቁጠሩ፣ ዝምድናም አትጥሩበት፤ ምክንያቱን ጠይቃችሁ ስሙት። እኔ ሰኞ ዕለት ስቄባታለሁ። በጣሪያው ቀን ግን መዳፌ እስኪቀላ ያጨበጨብኩት ሰውዬ እኔ ነኝ።